ቁልፉ እናቴ ዘንድ ነው

የሚታገሥ ሰው ፍቅር አያውቅም የሚሉኝ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል። ራሱን የሚገዛ ሁሉ ለእነሱ በረዶ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፤ ምንም ያላማረው ሰው ከምኑ ይታቀባል?

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። የወደድኩት ሰው ደግሞ እኔ በምቀባው ሕንፃ ላይ የግንበኞች አለቃ ነበር። ሠራተኛው በምላሴ የተነሣ «በርበሬ» ይለኛል። እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን «በርቤ» ብሎ ጠራኝ። ልቆጣ ዞር ስል ዓይኑን አየሁና ፈገግ አልኩ።

ቤተሰብ አወቀን፤ ቀለበት አሰርን። ሠርጋችን ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መዳፉን ከፈተልኝ። ቁልፍ ነው።

«ቤታችንን ተከራየሁት። ዛሬ ከሥራ ስንወጣ እንሂድና እዚያው እንደር።»

«እስከ ሠርጋችን ልንጠብቅ ለእግዚአብሔር የገባነው ቃልስ?»

«እሱማ ልባችንን ያውቃል። ደግሞ ሁለት ወር ምን አላት?»

«ምንም ከሌላት ጠብቃታ!»

ፊቱ ጠቆረ። «አትወጂኝም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሠርጉም ይቅር።»

እጄን ግን ወደ ቁልፉ አልዘረጋሁም።

ይሄኔ ኮንትራክተሩ ከታች ጮኸ። «የበረንዳውን ድጋፍ ዛሬውኑ ንቀሉት! ለሌላ ቦታ እፈልገዋለሁ!»

የእኔው ጉድ ዘሎ ተነሣ። «አይነቀልም! አርማታው ገና ነው!»

«ድንጋይ መስሎ የለም እንዴ?»

«ላዩ ነዋ! ውስጡ ሳይጠነክር ድጋፉን ካነሣን ሰው ላይ ይወርዳል። ከፈለግህ አባረኝ፤ እኔ አልነቅልም!»

ኮንትራክተሩ እየተራገመ ሄደ። እኔ ግን በሸቅኩ። ብሩሼን ባልዲው ውስጥ ወረወርኩት።

«ለሲሚንቶ ስትል ከሥራ ትባረራለህ፤ ለእኔ ሲሆን ሁለት ወር በዛብህ?»

ግንበኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። አንዱ «አለቃ፣ ዛሬስ አገኘችህ!» ብሎ ሳቀ።

እሱ አልሳቀም። ቁልፉን ዘረጋልኝ።

«ይቅርታ፣ በርቤ። አንቺ ጋ ይቀመጥ። እኔ ራሴን አላምነውም።»

«እኔንስ ማን አመነኝ?» አልኩት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ማታ አብረን ጸለይንና ቁልፉን ለእናቴ ሰጠናት።

የሠርጋችን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣች።

«እፎይ፣ ተገላገልኩ! ይሄ ‹መስኮቱን ልለካ› እያለ ሲመላለስብኝ፣ አንቺ ደግሞ ‹ቀለሙ መድረቁን ልየው› ስትይኝ፤ እናንተን ከመጠበቅ ባንክ መጠበቅ ይቀላል!»

ተያየን።

«መስኮቱን?» አልኩት።

«ቀለሙን?» አለኝ።

በሳቅ ፈረስን።

በራችን ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። እሱ ሲቸኩል ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ።

እጄን በእጁ ላይ አሳረፍኩ። «ቀስ በል» አልኩት። «አሁን የራሳችን ነው።»