ፊቷ የጠፋባት ሸንኮራ ሻጭ

«እኔ የእሳቸውን ዕቃ አላስጎበኝም!» አለች ሮዳስ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

ቲቸር ነቢዩ የአስጎብኚዎቹን ስም ዝርዝር እንደያዘ ቀና አለ። ክፍሉ ሙሉ ዞሮ አያት።

«ምክንያትሽ?»

«ሰውዬው እናቴን ያባረሩ ናቸዋ! ስምንት ዓመት አገልግላቸው፣ በአንዲት ጨርቅ ምክንያት በፋሲካ ማግስት “ውጪልኝ” አሏት።»

ከኋላ በኩል «ውይ፣ ሼም ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከንፈሩን የመጠጠም ነበር።

ሮዳስ ይህን ቂም ስድስት ዓመት ተሸክማዋለች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ለጎረቤት ነግራለች፣ ለቤተ ዘመድ ነግራለች፤ አጠገቧ ለምትቀመጠው ለመርዋማ ስንት ጊዜ እንደነገረቻት ሁለቱም አያውቁትም። ወሬው ከመደጋገሙ ብዛት እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። አንድ የሚወጋ ነገር ነበረው፤ እሱን ሮዳስ ገና ከመጀመሪያው ቀን ከወሬው ውስጥ አውጥታ ደብቃዋለች።

ሰውዬው ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባቡር ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ሌላው ወንድ ሁሉ ከሥራ ወጥቶ ጠጅ ቤት ሲገባ፣ እሳቸውም ይገባሉ፤ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ሊገዙ ነው። ከማስታወቂያ ጸሐፊ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ፣ በፈረቃ መሐል አቡጀዲ ላይ ከሚሥል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከማንም ይገዛሉ። የአቃቂ ሰው «ገብረጻድቅ ጨርቁ» እያለ ሲያሾፍባቸው ኖረ። አሁን ሸመገሉ። ልጅ የላቸውም። አንድ መቶ አሥራ ሁለቱንም ሥዕል «ለሕዝብ ይሁን» ብለው ሰጡና፣ ወረዳው ከሐዲዱ አጠገብ ያለውን ባዶ መጋዘን ለቀቀላቸው። ቅዳሜ ሙዚየም ሆኖ ይከፈታል። እንግዳ የሚያስጎበኙት የትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው።

«ሮዳስ» አለ ቲቸር ነቢዩ፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳንቺ ጥርት አድርጎ የሚናገር የለም። ነገ ሄደሽ እዪው። ካልወደድሽው ትተዪዋለሽ።»

መርዋ በክርኗ ነካቻት። «አቦ አታካብጂ! ሁለት ቀን ከሒሳብ መገላገል እኮ ነው።»

በማግስቱ ከተመረጡት ልጆች ጋር ሄዱ።

መጋዘኑ ድሮ ጨው ይከማችበት ነበርና፣ ሦስት ጊዜ ኖራ ቢቀባም ግድግዳው አሁንም ነጭ ነጭ ያወጣል። ሥዕሎቹ ግድግዳው ሥር ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ሲወጣ፣ ባቡር የገጨው በሬ፣ የጠጅ ቤት ጠብ፣ ሙሽራ በጋሪ። ጋሽ ገብረጻድቅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው በየሥዕሉ ሥር የሚለጠፈውን ወረቀት በእጃቸው ይጽፋሉ። ኮምፒውተር ይሻላል ቢሏቸውም አሻፈረኝ ብለዋል።

«አንቺ የዳሲቱ ልጅ አይደለሽም?» አሉ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው።

«ነኝ።»

«ያቺ ሎሚ የምታክለዋ? አደግሽ እኮ! እናትሽ ደህና ናት?»

«ሽንኩርት ትሸጣለች» አለች ሮዳስ። ቃሏን እንደ ጠጠር ነበር የወረወረችው።

ሽማግሌው ጠጠሩ እንዳልመታቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰላም በያት። በሉ ኑ፣ ከበሩ ነው የምትጀምሩት። ቁጥር አንድ ይቺ ናት። እኔም የጀመርኩት ከእሷ ነው። ገና ጎረምሳ ሆኜ፣ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛኋት።»

ሮዳስ ቀና ብላ አየቻት። ጥለዋታል ብላ ነበር የምታስበው።

አቡጀዲ ላይ የተሣለች ሸንኮራ ሻጭ ናት። በባቡር መስኮት ሥር ቆማ፣ ሸንኮራውን በትከሻዋ ተሸክማ አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች። ነጠላዋ አለ፣ የባቡሩ ብረት አለ፣ ሸንኮራው አንጓ አንጓው ሳይቀር አለ። ፊቷ ግን የለም። ከግንባሯ እስከ አገጯ የነጣ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ቡናማ ቀለም በአንገቷ ወርዶ ደረቷ ላይ ደርቋል።

መርዋ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበች። «ቁጥር አንድ። ሸንኮራ ሻጭ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ። ሠዓሊው አይታወቅም። ፊቷ በ1998 ዓ.ም. በቤት ሠራተኛዬ በወይዘሮ ዳሲቱ እጅ በውሃ ተበላሸ…» ድምፅዋ ቀነሰ። «ሮዲ… ይቺ ማዘርሽ አይደለችም እንዴ?»

ሮዳስ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል ሁሉም ነገር ራቀባት።

ነገሩ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት በቅዳም ስዑር ነው። እናቷ የጋሽ ገብረጻድቅን ቤት ለበዓል ስታጸዳ ውላ፣ የሥዕሎቹን ፍሬም በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ፣ እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄደች። ሮዳስ ብቻዋን ቀረች። ሸንኮራ ሻጯን አየቻት። ፊቷ ላይ ዝንብ አርፎበት ነጠብጣብ አለው፣ አቧራም ጠጥቷል። ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ይታጠባል። አቃቂ ተወልዳ ይህን የማታውቅ ልጅ የት አለች? እናቷ ስትመለስ «ጎበዝ ልጄ» እንድትላት ፈልጋ፣ የልብስ ሳሙና አምጥታ አሸት አሸት አደረገችው። መጀመሪያ ዓይኗ ሄደ። ሮዳስ ደንግጣ ልታስተካክለው ብላ ስታሽ አፍንጫዋ ተከተለ። ከዚያ በቀሚሷ አደረቀችው፣ ሳሙናውን ቦታው መለሰች፣ ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ከዶሮዎቹ ጋር ተቀመጠች።

በፋሲካ ማግስት ጋሽ ገብረጻድቅ «ማነው የነካት?» ብለው ጮኹ። እናቷ ሥዕሉን አየች፣ የገዛ እጇን አየች፤ «እኔ ነኝ ጋሼ። ስወለውል ጨርቁ ውሃ ይዞ ኖሯል» አለች። ማንንም ልትሸፍን አልነበረም። እውነት መስሏት ነው። ሮዳስ በር ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ አፏን ግን አልከፈተችም።

«ጋሼ፣ ይሄን ወረቀት ያንሱት» አለች አሁን።

«ለምን?»

«የእናቴን ስም ግድግዳ ላይ… ሰው ይስቅባታል።»

«ልጄ፣ ንብረት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዕቃ ሲጎድል “ጎደለ” ተብሎ ይጻፋል። በማን እጅ እንደጎደለም ይጻፋል። ይሄ ሁሉ እስከ ዛሬ የእኔ ነበር፤ ከቅዳሜ ወዲያ የሕዝብ ነው። ሕዝቡ “ፊቷ የት ሄደ?” ብሎ ቢጠይቅ ምን ልበለው?»

«ያበላሸችው እሷ አይደለችም።»

ጋሽ ገብረጻድቅ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ዳሲቱ በገዛ አፏ ነግራኛለች። ሌላ ሰው ከሆነ ግን ንገሪኝ፤ ይሄን ቀድጄ አሁኑኑ ሌላ እጽፋለሁ። ማነው?»

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው። «እኔ ነኝ»። መርዋ ታያታለች፣ ሽማግሌው ያዩዋታል፤ ሁለቱ ቃላት እስከ ምላሷ ጫፍ መጡ።

«አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው እንዳለ ይቆያል» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሮዳስ ቦርሳዋን ስታነሳ መርዋ እየተቻኮለች መጣችና ደብተሯ ውስጥ አንድ ነገር ሻጥ አደረገችላት። ወረቀቷ ናት፤ ቁጥር አንድ።

«ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ነቀልኳት» አለች መርዋ እየሳቀች። «ወላሂ፣ ሽማግሌው ደግሞ ያበዙታል! የድሃ እናት ስም እንዲህ አይለጠፍም። ቅደጂያትና ተገላገይ። ሌላ የሚጽፉበት ጊዜ እንኳ የላቸውም።»

«መርዋ…»

«ምን? እናትሽ እኮ ምስኪን ናት! አንቺ ባትኮሪባት እኔ እኮራባታለሁ።»

መርዋ መጋዘኑ ውስጥ ቀረች፤ ገና የምታጠናው ነበራት። ሮዳስ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወደ ገበያው ወረደች። ባጃጆች ጥሩምባ ሲነፉባት እንኳ ዳር አልያዘችም። ከመንገዱ ዳር ቦይ አለ። ወረቀቷን ቀድዳ ብትጥላት ማንም አያይም። ሁለት ጊዜ ቆመች። ሁለት ጊዜም እንደገና ሄደች።

እናቷ ጉልቷ ላይ ሽንኩርት በመደብ በመደብ እየከመረች ነበር። ልጇን ስታይ ጆንያውን አነጠፈችላት።

«የገላን ኮንዶሚኒየሟ ሴትዮ ዛሬም መጣች» አለች ዳሲቱ። «“ነይና ቤቴን ያዢልኝ፣ ደሞዝሽ ደህና ነው፣ ከፀሐይ ትገላገያለሽ” ትለኛለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እንቢ አልኳታ! ብርጭቆ በብርጭቆ የሆነ ቤት ነው። የኔ እጅ የሰው ዕቃ አይበረክትለትም።» ሳቅ አለች። ይህን ባለች ቁጥር ትስቃለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የመጣላትን የቤት ሥራ ሁሉ እንዲህ እየሳቀች መልሳለች፤ ሮዳስም እየሰማች ሽንኩርት ስትልጥላት ኖራለች።

«ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ» አለች እናቷ።

«የት?»

«ሙዚየሙ ነዋ! ልጄ ስታስጎበኝ ላልሰማ ነው? ከኋላ ቆሜ እሰማሻለሁ። ያቺን ሸንኮራ ሻጭም አያታለሁ። ስምንት ዓመት አቧራዋን አራግፌላታለሁ እኮ፤ ግራ ጉንጯ ላይ ምልክት ነበራት። “ይቅር በዪኝ” ልላት ነው።»

«ሥዕል እኮ ናት፣ እማዬ።»

«ብትሆንስ! ፊቷን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁ?»

ሮዳስ ደብተሯን ከፈተች። ወረቀቷን አወጣችና ሽንኩርቱ መሐል አስቀመጠቻት። አንድ ራስ ሽንኩርት ተንከባለለ፤ ሁለቱም አላነሱትም።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ እኔ በሳሙና አጠብኳት። ቆሽሻ ነበር… ጨርቅ ናት ብዬ። አንቺ “እኔ ነኝ” ስትያቸው በር ኋላ ነበርኩ።»

ዳሲቱ የያዘችውን ሽንኩርት እንደያዘች ቀረች። አንዲት ሴት መጥታ «ይሄ መደብ ስንት ነው?» አለች። ሁለቱንም አየት አድርጋ ወደ ሌላ ጉልት ሄደች።

«ስድስት ዓመት» አለች ዳሲቱ።

«አዎ።»

«“እናቴን ግፍ ሠሩባት” እያልሽ ለሰው ስትነግሪም ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

ዳሲቱ እጆቿን ገለበጠቻቸው። መዳፏን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ እንደገና መዳፏን። ሮዳስ ብትመታኝ ብላ ተመኘች። አልመታቻትም።

«ማጠቡን ተዪው» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ልጅ ነበርሽ። ልጅ ያጥባል። እኔን ያቃጠለኝ…» አልጨረሰችውም። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሂጂና ንገሪያቸው።»

«አብረን ነገ ጠዋት…»

«አሁን። እኔን አማላጅ አድርገሽ አይደለም። ብቻሽን ነው ያጠብሽው፤ ብቻሽን ሂጂ።»

ሮዳስ ወረቀቷን አንስታ ተነሳች። መንገዱ ዳገት ነበር። ይቅርታ እንዳልተደረገላት ታውቃለች፤ እናቷ ከኋላ ትያት አትያት አላወቀችም፤ ዞራም አላየችም።

መጋዘኑ ስትደርስ ጋሽ ገብረጻድቅ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ አገኘቻቸው። «የቁጥር አንድ ወረቀት ጠፋች! ነፋስ ነው?» ይላሉ። ፍሬም የሚያመላልሱት የክፍሏ ልጆችም አብረው ይፈልጋሉ። መርዋ አንድ ጥግ ቆማ ሳቋን ለመያዝ አፏን ሸፍናለች።

«እኔ ጋ ናት፣ ጋሼ» አለች ሮዳስ። መርዋን አላየቻትም። «ውሸት ስለሆነች ሌላ ይጻፉ። ያበላሸኋት እኔ ነኝ። በሳሙና።»

መርዋ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

ሽማግሌው ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው። ወረቀቷን ተቀበሉ፣ ሮዳስን አዩ፣ ፊት የሌላትን ሴት አዩ። ይጮኻሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ያኔ ስናደድ ጆሮ አልነበረኝም» አሉ ቆይተው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። «ዳሲቱን ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ።» ከዚያ አሮጌዋን ወረቀት ለሁለት ቀደዷት፣ አዲስ አወጡ፣ የብዕሩን ክዳን ነቀሉ። «እሺ። ስም?»

«ሮዳስ።»

«ከነአባት ነው የምልሽ። አቃቂ ውስጥ ሮዳስ ሞልቷል።»

መጋዘኑ ውስጥ ፍሬም የተሸከሙት ልጆች ሳያወርዱ ቆመዋል።

«ሮዳስ ተሰማ» አለች፤ ጥግ ላይ ያሉት ሳይቀሩ እንዲሰሙት አድርጋ።