ዝም ያለው ጥቁር መስኮት

ካርታ ሠሪዋ የኮምፒውተሯን ስክሪን በደረቅ ጨርቅ እያበሰች ነበር። ቆሽሾ አይደለም፤ እጇ ሥራ ካላገኘ አንድ ነገር ይሰብራል ብላ ስለፈራች ነው።

ተርሚናል የሚባለው፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት እንደገና ቆሟል። ሰሞኑን እንዲህ ነው። የወንዙ ካርታ መስመር በመስመር እየወረደ ሳለ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ቢጽፉበት አይመልስም። መስኮቱን ስትዘጋው ሥራዋም አብሮ ይጠፋል። አለቃዋ «ይኼ ሊኑክስ የምትሉት ሲስተም ተነቅሎ ሌላ ይጫን» ብለው ባለሙያ ልከውላታል።

የተላከው ባለሙያ ደግሞ እሱ ነው። የኔትወርክ ገመድ ሊዘረጋ መጥቶ ያያት፣ የምሳ ሰዓቱን ሁሉ ከእሷ ጋር ደረጃው ላይ ሲያሳልፍ የከረመ፣ «ቤተሰብሽን ላነጋግር» ብሎ ሄዶ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የጠፋው ሰው። ስልክ አያነሳም። ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ጫማውን ያያል።

እሱ እንደሚመጣ ስትሰማ ንዴቷ በጣቶቿ ወጣ። በቆመው መስኮት ላይ ኪቦርዱን እየደበደበች ጻፈች። ምንም አልታየም። ጨርቁን ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው።

በሩ ተንኳኳ።

«እንደምን ዋልሽ?» አለ፣ ደፉ ላይ እንደቆመ።

«እኔን ነው ማሽኑን?»

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እትዬ የሚላቸው የመዝገብ ቤቷ ሴት ከወዲያኛው ጠረጴዛ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ብሆን ልጄ፣ ማሽኑን ትቼ እሱን ነበር አጥፍቼ የማበራው» አሉና ሻይ ፍለጋ ወጡ።

አጠገቧ ተቀመጠ። «ከመቆሙ በፊት የቱን ቁልፍ ነካሽ?»

«አበላሸሽው በለኛ!»

«አላልኩም። እንደ ወትሮሽ ስትሠሪ እጅሽን ልየው።»

በጠረጴዛው ላይ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። መስመር በጨረሰች ቁጥር ግራ እጇ በራሱ ጊዜ ኮንትሮልና ኤስ የሚባሉት ቁልፎች ወዳሉበት ይሄዳል። ድሮ በሠራችበት ማተሚያ ቤት መብራት በየደቂቃው ይጠፋ ስለነበር፣ የጻፈችውን ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ጣቶቿ የለመዱት ነው።

ፊቱ ፈታ አለ። «አገኘኋት። ሌላ ቦታ ‹አስቀምጥ› ናት፤ እዚህ ግን ‹ቁም› ማለት ናት። ማሽኑ ደህና ነው። የምትጽፊውን ሁሉ ይቀበላል፤ አያሳይም እንጂ።»

«እንዳንተ ነዋ!»

ኮንትሮልና ኪው ላይ ጣቶቹን አሳረፈ።

የጻፈችው ትዝ አላት። «ቆይ! ቆይ አንዴ…»

ተጫነው። ታግቶ የነበረው የወንዙ መስመር ሁሉ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ከሥሩ ጽሑፏ ብቅ አለ፦

አንተም እንደ እሱ ዝም በል። ካልፈለግኸኝ አፍ አውጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት

ማሽኑም ከታች መለሰ፦ ትእዛዙ አልተገኘም።

ሁለቱም ስክሪኑን አዩ። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ካልፈለግኸኝ?» አለ ቀስ ብሎ። «አልፈልገውም ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ወንድምሽ ነው የነገረኝ። ‹ፊት ለፊት ማለት አፍራ ነው፤ እባክህ አታስጨንቃት› አለኝ።»

«ወንድም ጋሼ?»

«አዎ።»

«አንተም አመንክ?»

«ታላቅሽ ነዋ…»

«እኔስ? ምላስ አልፈጠረልኝም? ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ የእኔን ጉዳይ ዘግታችሁ ተነሣችሁ! ዕቃ ነኝ? እሱ ይዋሻል፣ አንተ በጨዋ ደንብ ትሰወራለህ፣ እኔ እዚህ ከማሽን ጋር እጣላለሁ!»

«ጥፋቴ ነው። ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እነሳና…»

«ትነሳና ጫማህን ታያለህ!»

አሁን ጫማውን አላየም። ዓይን ዓይኗን አያት። «እፈልግሻለሁ» አለ። ዓይኑ አልሸሸም።

ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቅዳሜ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ… አዎ፣ እሱን ነው፤ ‹አልፈልገውም አለች› ብለህ የመለስከውን… አይ፣ አልጠየቅኩህም። ነገርኩህ።»

ዘጋችው።

«ቁልፏን ላጥፋልሽ?» አለ እሱ። «አንድ መስመር ብጽፍ ዳግመኛ አያቆምሽም።»

«አጥፋት። እዚህ ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ነገር ማየት አልፈልግም።»

ጽፎ ወንበሩን ሳበላት። ካርታውን አስነሳችና፣ መስመሮቹ ሲወርዱ ሆን ብላ ኮንትሮልና ኤስን ተጫነች። ወንዙ አልቆመም፤ እስከ መጨረሻው ወረደ።

ጨርቁን አራት አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።