ያላመመው እግር

አሰግድ በሞያሌ ከተማ፣ በኬንያ በኩል ባለው ሆቴሉ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። በዚያው ዕለት ጠዋት በአውራ ጣቱ ሥር ጎብጦ ጫማ የከለከለውን አጥንት ክሊኒክ በቀዶ ጥገና አስተካክለውለት እየሳቀ ነበር የተመለሰው። አሁን ከንፈሩ ጠቁሯል። ለአምስት ቀን የተሰጠው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ማሸጊያም ባዶውን ራስጌው ወድቋል።

ኢንስፔክተር ጃለቱ ሬሳውን አየችና ወደ ሚስቱ ወደ ጤናዬ ዞረች።

«ፖሌ ሳና፣ ማማ ሊና» ብላ የሊናን እናት በስዋሂሊ አጽናናቻት። «አብሮት ማን ነበር?»

«ፈቃዱ» አለች ጤናዬ። ፈቃዱ የሠርጋቸው ሚዜ፣ የልጃቸው የሊና የክርስትና አባት ነው፤ ከአሰግድ ጋር በአንድ ቀን ተሰደው ነው ድንበሩን የተሻገሩት። ጤናዬ ቀጠለች፦ «ጥፋቱ የክሊኒኩ ነርስ ነው! ይህን ሁሉ ክኒን በሽተኛ እጅ ላይ ይተዋል?»

የፈቃዱ ዓይን ቀልቷል። «ከምሳ በኋላ እግሬን፣ እግሬን እያለ ጮኸ። አንድ ክኒን ሰጥቼው ወጣሁ። ሲብስበት ቀሪውን ራሱ ውጦት ይሆናል።»

ጃለቱ ኮመዲኖው ላይ የነበረውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ከማንጎ ጭማቂው ሥር ነጭ ዱቄት ዘቅጧል። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ነርሷን ዳሃቦንም አስጠራች።

«ሲስተር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተወጋው ማደንዘዣ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስከ ማታ። ክኒኑን ማደንዘዣው ሊለቅህ ሲል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምር ብዬ ለራሱ ነግሬዋለሁ።»

«ሊና፣ ምሳ ላይ ምን ሆነ?»

«ወንበር እግሩ ላይ ጣልኩበት» አለች ልጅቷ እንባዋ እየወረደ። «ስደነግጥ ሳቀብኝ። ‹የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለኝ› አለኝ።»

ጃለቱ ከፈቃዱ ፊት ቆመች። «እግሩ ደንዝዟል፤ ስለዚህ አልጮኸም፣ ክኒንም አልጠየቀም። እርስዎ ክሊኒክ ስላልነበሩ መርፌውን አላወቁም። ደግሞ ራሱ የሚውጥ ሰው ክኒን ፈጭቶ ጭማቂ ውስጥ አይበጠብጥም። ያልገባኝ ለምን እንደሆነ ነው።»

ለምን እንደሆነ የገባት ጤናዬ ነበረች። አሰግድ በሆቴሉ ጓሮ ክፍል ሴት ልጆች እየተደበቁ ለናይሮቢ ደላሎች እንደሚሸጡ ደርሶበት ነበር። የሚያመጣቸውን ሰው ባያውቅም፣ እንደዳነ ለፖሊስ ሊያመለክት ቆርጧል። እሷ ፈርታ፣ ትናንት ምክር ፍለጋ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች።

«እኔ ነኝ የነገርኩህ» አለችው። «ወንድሙ ነህ ብዬ።»

ፈቃዱ አልካደም።

«ጭማቂውን ስትሰጠው… ጠረጠረህ?» አለች ጤናዬ።

«አልጠረጠረም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እግዜር ይስጥልኝ አለኝ።»