«ነበር» የምትለው ታብሌት

ዛር ነው፣ የቀትር ጋኔን ነው ሲባል ከሚስቁት ነኝ፣ ነርስ ነኝና ትኩሳት ሰውን ምን እንደሚያስለፈልፍ ስንቱን አይቻለሁ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ስሙኝና እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

ጋምቤላ ከመጣሁ ጀምሮ የማውቀውን ሁሉ የምጽፍበት የራሴ ዊኪ አለኝ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ትንሽ ዊኪፒዲያ በሉት፤ የመድኃኒት መጠን፣ በሽተኛ የምጠይቅባቸው የኑዌርና የአኙዋ ቃላት፣ ዘመዶቼም ሳይቀሩ የየራሳቸው ገጽ አላቸው። ስልኬ፣ የሥራ ላፕቶፔና እቤት ያለችው አሮጌ ታብሌት ላይ ተጭኗል፣ አንዱ ላይ የጻፍኩት ሌሎቹም ላይ ይገባል። ታብሌቷን የሰጠኝ ታናሽ ወንድሜ እያሱ ነው።

እያሱ ሹፌር ነው። ክረምት ላይ ዕቃ ጭኖ ወደ ኢታንግ ሲሄድ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው፣ መኪናው ባሮ ወንዝ ዳር ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም። ቤተሰቡ በሙሉ ጥቁር ለበሰ፣ እኔ አልለበስኩም። ታላቅ እህታችን እታለም ከጎሬ እየደወለች «አንቺ ልጅ፣ እርምሽን አውጪ፣ ተዝካሩን እናውጣለት» ትለኛለች፣ «ሬሳውን ሳላይ እርሜን አላወጣም!» እላታለሁ።

ገጹ ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «እያሱ ሹፌር ነው። ሳቂታ ነው። ዓሣ አይወድም።» እውነቴን ነው፣ የዓሣ አገር እየኖረ ሽታው ያስመልሰዋል፣ እኔ ስበላ ውጭ ይቆማል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ብከፍት፣ «ሹፌር ነበር። ሳቂታ ነበር። ዓሣ አይወድም ነበር።» ይላል። ደሜ ፈላ። መልሼ «ነው» አደረግሁት። በማግስቱም ቀትር ላይ «ነበር» ሆኖ ጠበቀኝ፣ ማን እንደቀየረው ሳይ ከቤት ታብሌት ይላል።

ኮምፒውተር የሚጠግንልንን ኦጁሉን እቤቴ ይዤው መጣሁ። ታብሌቷን ከፈታትና ሳቀ።

«ሲስተር፣ ባትሪው ሲያብጥ እኔ ራሴ አወጣሁት፣ ረሳሽ? ይሄ ሆዱ ባዶ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር አይጽፍም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚጽፈው?»

«እኔ ማሽን ብቻ ነው የማውቀው» አለ፣ ሳቁን ተወና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

በሚቀጥለው ቀን ቀትር ላይ እቤት ጠበቅሁ። መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ከዚያ ታብሌቷን ካስቀመጥኩበት ቁምሳጥን ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፣ እመኑኝ፣ ሰው ሲጽፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። ከፈትኩት። ታብሌቷ ጨለማ ናት፣ ግን የአልጋው ብረት በሚያቃጥልበት በዚያ ሙቀት እጄን ቀዘቀዘኝ፣ ከወንዝ የወጣ ድንጋይ የነካሁ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ግን ንዴቴ ባሰ።

«ስማ!» አልኩት፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ «እያሱ ሹፌር ነው! ነው! አንተ ስለጻፍክ ሰው አይሞትም!» ቁምሳጥኑን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። ድምፁ ቆመ።

መብራት ሲመጣ ስልኬን ከፈትኩ። «እያሱ ሹፌር ነው። ሳቂታ ነው።» ይላል። አሸነፍኩ ብዬ እልል ልል ስል ቀጣዩን አነበብኩ።

«ዓሣ ለምዷል።»

እኔ አልጻፍኩትም። አልሰረዝኩትምም፣ «ነው» ይባል ብዬ የታገልኩት እኔው ነኝ። ለእታለም ደውዬ «ተዝካር የለም፣ ምግብ ለሚበላ ሰው ተዝካር አይወጣም» አልኳት፣ አበደች ብላ አለቀሰች፣ ታልቅስ። እርሜን አላወጣሁም፣ አላወጣምም። የባሮን ድልድይ ስሻገር ግን ወደ ታች አላይም፣ ዓሣ ሻጮቹ ሲጠሩኝም መንገድ እቀይራለሁ። እኔ ዓሣ እወድ ነበር።