ብቻዋን ያለቀሰች እህት

ቡታጅራ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ዓለምዘውድ የምትባል ልብስ ሰፊ ሁለት ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ባሏን ዳምጤን የመኪና አደጋ ከነጠቃት ወዲህ ዓለሟ ሴት ልጇ ሃይሚና ታናሿ ሱራፌል ብቻ ነበሩ። ምነው ታዲያ ክፉ ዕጣ አንዱን ቤት ደጋግሞ ያንኳኳል? ዓለምዘውድ በካንሰር ተያዘች። እንደማትድን ስትረዳ ልጆቿ ስትሰቃይ እንዳያዩ ብላ ወልቂጤ አቅራቢያ ወዳለ የሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ላከቻቸው። “ትንሽ አሞኛል እንጂ ደህና ነኝ” አለች፣ እንባዋን ውጣ እየሳመቻቸው…

የትምህርት ቤቱ ኑሮ ሕልም ይመስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉም ከእንሰቱ ማሳ ተነስቶ ግቢውን ያለብሰዋል፤ የሴቶቹና የወንዶቹ ማደሪያ ደመና ላይ የተሠሩ ይመስላሉ። ደወሉ ሲሰማ ተማሪዎቹ ከሁለቱም ወገን ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ እያሉ ወደ ጸሎት ቤቱ ያመራሉ። ሃይሚ ከዚያ ሁሉ ዝማሬ መካከል የወንድሟን ቀጭን ድምፅ ለይታ ትሰማና ዓይኗን ጨፍና ቤቷ ያለች ይመስላታል።

አንድ እሁድ ሱራፌል ኳስ ሜዳ ሳለ ሃይሚ ከማደሪያ ኃላፊዋ ከሲስተር ፀጋ ቢሮ ወደ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው እናቷን የምታስታምመው ጎረቤታቸው ሃሊማ ነበረች።

“ሃይሚዬ፣ ወላሂ ከዚህ በላይ ልደብቅሽ አልችልም። እናትሽ እየደከመች ነው… ሐኪሞቹም ወደ ቤት መልሰዋታል።”

ከዚያ የእናቷ የተቆራረጠ ድምፅ ተሰማ። “ለሱራፌል እንዳትነግሪው… ሚኒስትሪውን ይፈተን። ቃል ግቢልኝ።”

“እኔስ፣ እማዬ? እኔ ልምጣ!”

“አንቺ ከመጣሽ እሱም ያውቃል። አጠገቡ ሁኚልኝ፣ ልጄ…”

ሃይሚ ቃል ገባች። ፊቷን ታጥባ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሄደች። ሱራፌል “እማዬ ምን አለች?” ሲላት “ደህና ነች፤ በርታ ብላሃለች” አለችው። በተከታዮቹ እሁዶችም ኔትወርኩን እያመካኘች ብቻዋን ደወለች፤ እናቷ ያላለችውን እየፈጠረች አወራችለት። እሱ ይስቃል፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች!

ሱራፌል የመጨረሻውን ፈተና ጨርሶ ሲወጣ ሲስተር ፀጋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከሃይሚ ጋር ቡታጅራ ሲደርሱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተጥሏል። እናታቸው ተቀብራለች።

“ታውቂ ነበር?” አላት።

ሃይሚ አንገቷን ደፋች።

“እህቴ አይደለሽም!”

ክረምቱን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባዕድ ከረሙ። መስከረም ጠብቶ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሲመለሱም አላናገራትም። ሃይሚ ከሳች፤ ምግብ እምቢ አላት። እናቷን ላጣች ልጅ ወንድሟንም ማጣት እንዴት ይቻላታል?

በወላጆች መጠየቂያ ቀን ሃሊማ ክትፎና ቆጮ ይዛ መጣች። ክረምቱን የሐዘን መስሏት የነበረው የሁለቱ ዝምታ ኩርፊያ መሆኑን ስትረዳ ሱራፌልን ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ወስዳ አስቀመጠችው።

“ቃል ያስገባቻት እናትህ ነች” አለችው። “ይቺ ልጅ ስልኩ ላይ እየተንሰቀሰቀች ‘እትዬ ሃሊማ፣ አሁን እሱ ጋ ልሄድ ነው፤ ድምፄ ያስታውቃል?’ ትለኝ ነበር።”

ጉሙ ዳግም ወደ ግቢው እየወረደ ነበር። ሱራፌል ወንድ የማይሻገረውን የሴቶቹን ማደሪያ አጥር አልፎ፣ ደረጃው ላይ ብቻዋን ወደ ተቀመጠችው እህቱ ሮጠ። ሲስተር ፀጋ አየችው፤ ግን አልከለከለችውም።

“ሃይሚዬ… ያኔ ማንን ይዘሽ አለቀስሽ?”

“ማንንም።”

“በይ አሁን እኔን ይዘሽ አልቅሺ።”

እቅፉ ውስጥ ወድቃ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ነጩ ጉም ሁለቱንም ሸፈናቸው። ሞት እናታቸውን መልሶ አይሰጣቸውም። ሰው ዕጣውን አይመርጥም… ያን ቀን ግን እነዚህ ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች በዕጣ የደረሳቸውን ሐዘን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ተሸከሙት።