ያልወጣው ዘይት

«ልቀቂ ስልሽ ፍሪሲዮኑን ትለቂያለሽ! ከዚያ በፊት ግን እግርሽን እንዳታነሺ!» አለ አባቷ ከመኪናው ኋላ።

ፀዲ መሪውን ጨምቃ ይዛለች። ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጦታል፤ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው። እግሯን ስታነሳ የሚሽከረከሩት ጎማዎች ሞተሩን ያስነሱታል። ከኋላ አባቷ ጋሽ ጣሰው፣ የጋራዡ ሠራተኛ ዋለ፣ የላንድክሩዘሩ ባለቤት ጋሽ ሰለሞን እና ከመንገድ የተለመኑ ሦስት ሰዎች ትከሻቸውን አስደግፈው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ሹፌር ወንበር ላይ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ የተቀመጠችው ከሁሉም ስለምትቀል ነው። ቦንጋ ውስጥ መኪና ገፍቶ ለማስነሳት ቁልቁለት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጋራዡ በር እስከ ድልድዩ ድረስ ሙሉውን በነጻ ተዘርግቷል።

ሌላ ቀን ቢሆን ፀዲ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧን ለክፍሏ ልጆች በሙሉ ታወራ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ መውረድ ነው የምትፈልገው። ሞተሩ ውስጥ ዘይት ወደ ላይ እንዳልደረሰ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታጥቦ እንደገና እስኪገጣጠም ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ሞተር ውስጡ ደረቅ ነው። ዘይት ቢሞላለትም ፓምፑ ከታች ስቦ ወደየቦታው እስኪያደርሰው ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። በዚያው ከተነሳ የሦስት ሳምንት ልፋት በደቂቃዎች ውስጥ ገደል ይገባል። ስለዚህ በጋሽ ጣሰው ጋራዥ የማይታለፍ ሥርዓት አለ። መኪናው እንዳይነሳ የናፍታው ሽቦ ይነቀላል፤ ከሞተሩ ጎን ያለው የዘይት ግፊት መለኪያ ይፈታል፤ ከዚያ ሞተሩ በባትሪ በሚሠራው ማስነሻ፣ በሞተሪኖው ብቻ እየዞረ በተፈታው ቀዳዳ ዘይት እስኪወጣ ይጠበቃል። ዘይቱ በዓይን ሳይታይ መለኪያው ወደ ቦታው አይመለስም።

ትናንት ከሰዓት ይህ ሥራ የፀዲ ነበር። አባቷና ዋለ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ «አደራ» ብለዋት ሄዱ። አምስት ጊዜ ቁልፉን አዞረች፤ አምስት ጊዜ ወርዳ ቀዳዳውን አየች። ጠብ የሚል ነገር የለም። ባትሪው ደግሞ ማቃሰት ጀመረ፤ ከተማው ውስጥ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ስለሆነ ቻርጅ አይደረግም። በዚህ ላይ ጓደኛዋ ትሁት በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ታወዛውዛለች።

«ነይ እንጂ! ልምምድ ተጀመረ እኮ። መዝሙሩን የምትጀምሪው አንቺ ነሽ፣ ኳየሩ በሙሉ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው።»

«ይሄ ነገር እምቢ አለኝ።»

«አትካበጂ በናትሽ! ነገ ይወጣል።»

አባቷ ጋ መደወል ትችል ነበር። «አልቻልኩም» ማለቱ ግን ከበዳት። ፀዲ ጣቷን ዘይት ነክራ ቀዳዳውን ዙሪያውን ቀባችው፤ መለኪያውን ገጠመች፤ ሽቦውን መለሰች፤ እጇን በናፍታ ታጥባ ሮጠች።

ሲመሻሽ ከልምምድ ስትመለስ አባቷ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀዳዳው ዙሪያ ዘይት ያብለጨልጫል።

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«ጎበዝ!» አላት። ጋሽ ጣሰው ይህችን ቃል በዓመት ሁለቴ ካወጣት ብዙ ነው።

ጠዋት ልትነግረው ወስና ነበር የተነሳችው። ጋሽ ሰለሞን ግን ቀድሟት ደረሰ። ቢታ ገነት ላይ የተለቀመ እሸት ቡና በጆንያ ታጭቆ ተቀምጦበታል፤ ዛሬ ካልደረሰለት ይቦካበታል። ቁልፉን ሲያዞረው ባትሪው «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ።

«በቃ እንግፋው!» አለ ጋሽ ሰለሞን።

አባቷ ወደ ፀዲ ዞሮ «ዘይቱን አይተሽዋል አይደል?» ሲላት ሰው ሁሉ ያያታል። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በዚያች ቅጽበት ራሷን ጠላች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ፣ ከዚያ እየባሰበት ወረደ።

«ልቀቂ!»

እግሯ ንቅንቅ አላለም።

«ልቀቂው ይቺ ልጅ!»

ድልድዩ እየቀረበ ነው። ፀዲ በቀኝ እግሯ ፍሬኑን ረገጠች። ሞተሩ ስላልተነሳ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነባት፤ ከወንበሯ ብድግ ብላ በሙሉ ክብደቷ ቆመችበት፤ የእጅ ፍሬኑንም ጎተተችው። መኪናው ከድልድዩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆመ።

ቀድሞ የደረሰው አባቷ ነው። በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ምነው? ተጎዳሽ?» አለ እያለከለከ።

«አባዬ፣ ዘይቱ አልወጣም። ትናንት ዋሽቼህ ነው።»

«ያየሁትስ?»

«በጣቴ ቀብቼው ነው።»

አባቷ በካፊኖኖ አንድ ነገር አጉተመተመ። ንዴቱ ከልክ ሲያልፍ አማርኛውን ይተወዋል። ሌሎቹ ሲደርሱ ግን ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «ፍሪሲዮኑ ነው። ትንሽ ነክሷል፤ አሁን ይስተካከላል» አላቸው።

ፀዲ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አባቷ ሊሸፍንላት ነው። ለአፍታ እፎይ አለች፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አላት።

ጋሽ ሰለሞን ወደ ዋለ ዞረ። «ፍሪሲዮኑን የገጠምከው አንተ አይደለህ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ኧረ እኔ... ትናንት ጠዋት ሞክሬዋለሁ እኮ፣ ጋሼ። ደህና ነበር» አለ ዋለ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ኮረኮንቹ ላይ በጀርባው ተኛና መኪናው ሥር ገባ። የሌለ ጥፋቱን ሊፈልግ ነው።

ፀዲ በመስኮቱ ከመኪናው ሥር የወጡትን እግሮቹን አየች። በሩን ከፍታ ወረደች።

«ጋሽ ሰለሞን፣ ፍሪሲዮኑ ምንም አልሆነም። ዋለ ጥፋት የለበትም። ትናንት አምስት ጊዜ አዙሬው ዘይቱ ሳይወጣ ወጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ እንዳይበላሽ ብዬ ነው ፍሪሲዮኑን ያልለቀቅኩት።»

ከመንገድ የተለመኑት ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «ታዲያ ከላይ ሳለን አትነግሪንም ነበር?» አለ ትከሻውን እያሸ።

«ቡናዬ እዚያ እየቦካ፣ እኔ እዚህ የልጅ ጨዋታ ላይ ነኝ!» ጋሽ ሰለሞን ጮኸ። «ጋሽ ጣሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ መኪናዬን እንዳትነካብኝ!»

ፀዲ አባቷን ቀና ብላ አየችው።

«ልክ ነህ» አለ አባቷ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መኪናው ሥር «ዋለ፣ ውጣ። የፍሪሲዮኑን ነገር የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ» አለ።

መኪናውን ሽቅብ መመለስ የሚታሰብ ስላልሆነ ሥራው እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ ሆነ። ጋሽ ሰለሞን ከአንድ አይሱዙ ባትሪ ተዋሰ። ፀዲ ዳገቱን ሮጣ ቁልፎችና አንድ ጋሎን ዘይት አመጣች፤ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ቆመች። ዋለ መለኪያውን ፈታ፤ አባቷ ከውስጥ አዞረ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ቀዳዳው አረፋ ተፋ፤ ቀጥሎ ወፍራም ዘይት ተንዠቅዥቆ ወጣና የዋለን ሸሚዝ አበላሸው።

«ትናንት አምስት፣ ዛሬ ሦስት» አለ ዋለ ሸሚዙን እያየ። «ደጅ ልትደርሺ ስትይ ነው የተመለስሽው!»

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ጋሽ ሰለሞን ማንንም ሳይሰናበት ወደ ቢታ ገነት ነዳው። ዋለ ባትሪውን ሊመልስ ሄደ፤ አባትና ልጅ ዳገቱን ተያያዙት።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«አቃተኝ ማለት አፈርኩ።»

አባቷ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተራመደ። ፊቱን ለማንበብ ሞከረች፤ አልቻለችም።

«አዲስ የተገጣጠመ ሞተር ነው፣ በሳምንቱ ዘይቱ ይቀየራል» አለ። «ሰለሞን ቅዳሜ ይመጣል።»

«እኔም ልገኝ?»

«ምን ብሎ እንደሄደ ሰምተሻል።»

«መኪናውን አልነካም። ግን እሱ ሲመጣ ቤት አልደበቅም። ቆሜ አያለሁ።»

አባቷ እስከ ጋራዡ በር ድረስ ቀደማት። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው» አለ።

«ከእሱ ቀድሜ እገኛለሁ» አለች ፀዲ።