የማስተር ስመኘው ጫማ

ማስተር ስመኘው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በገዛ ጥቁር ቀበቷቸው ከአዳራሹ ወራጅ ላይ ተንጠልጥለው ተገኙ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍኖተ ሰላምን ልጅ ካራቴ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከማንኩሳ በእግሩ የሚመጣውን ድኻ በነጻ አሠልጥነዋል፤ ያረፈደውን ደግሞ ድኻም ሆነ ሀብታም በዱላ ገርፈዋል። የከተማው ሰው ይወዳቸዋል፣ ይፈራቸዋልም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አስካለ ማርያም ስትደርስ ሬሳው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። እሷ ግን መጀመሪያ ያየችው በሩ ሥር ያለውን የማስተሩን ቡኒ ጫማ ነው። ጥንዱ እኩል ተሰድሮ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ፣ የማሰሪያው ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ይሄን ማን ነካው?»

«ማንም። ስደርስ እንዲሁ ነበር፤ በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

የሟች ባለቤት ወይዘሮ ንግሥቴ ክንዷን ጨምድደው ያዙ። «ልጄ፣ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም ብለውኛል የደብሩ አለቃ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እውነቱ ካልታወቀ ከቅጥሩ ውጭ እንደ ውሻ ሊቀበርብኝ ነው! እሱ ራሱን አያጠፋም፤ አውቀዋለሁ!»

«ጫማቸውን ሲያወልቁ እንዲህ ያስቀምጡታል?»

«ኧረ ወዲያ! ወገቡ ከተበላሸ አራት ዓመቱ፤ የማስርለት እኔ ነኝ። እዚህ ሲመጣ በተረከዙ ገፍትሮ ያወልቀዋል እንጂ ጎንበስ መች ይላል?»

አስካለ ማርያም የሬሳውን አንገት ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

ቀድሞ የተጠራው የአዳራሹ ባለቤት ዘሩ ነው። ጭቃ የጠጣ ቦቲውን እንዳጠለቀ ምንጣፉን እየረገጠ ገባ።

«አዳራሹን ልቀቁልኝ ብያለሁ፤ አልክድም። ትናንትም ተሰዳድበናል። ግን እኔ እሳቸውን? በአንድ እርግጫ ይገድሉኝ ነበር እኮ!»

ሬሳውን ያገኘችው ሄቨን ነች፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። እንባዋ አላቆመም።

«ነገ ጥቁር ቀበቷቸውን ሊያስሩልኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት በሁሉም ፊት ‹ማሠልጠኛውን የምትረከበው እሷ ናት› አሉ።»

«ስትገቢ ጫማቸውን ነካሽ?»

«እኔ? እንዴ! ደረጃዬ መቼ ሆነና!»

አስካለ ማርያም ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ አሰናበተቻት።

የመጨረሻው ባንተአምላክ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት የማስተሩ አንደኛ ተማሪ፣ ዛሬም ከጥቁሩ አንድ ደረጃ በታች ያለውን ቡኒ ቀበቶ የታጠቀ። ዐይኑ ደርቋል።

«ከትናንት ጀምሮ ቡሬ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ገባሁ።»

«ጥቁሩን ለምን አላሰሩልህም?»

ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «‹እጅህ ተምሯል፣ ልብህ አልተማረም› ይሉኛል። በየዓመቱ፣ በሕፃናት ፊት።»

ሰባት ሰዓት ሲሆን መርማሪዋ የማስተሩን ጫማ በእግሯ በታተነችው፤ አንዱ ተገለበጠ፣ ሌላው ግድግዳው ሥር ሄደ። ከዚያ ሁሉንም ወደ አዳራሹ አስጠራችና ከውስጥ ቆማ ተመለከተች። ዘሩ ረግጦት አለፈ። ሄቨን የራሷን ጫማ አውልቃ፣ የማስተሩን አይታ፣ ሳትነካው ገባች። ባንተአምላክ ግን ጎንበስ አለ። ሁለቱን ጫማ አገናኘ፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዞረ፣ ማሰሪያውን በጣቱ ወደ ውስጥ ከተተ። ምን እንዳደረገ እንኳ የታወቀው አይመስልም።

«ተቀመጡ» አለች አስካለ ማርያም። «የተሰቀለ ሰው ሰንበር ወደ ጆሮው ሽቅብ ይወጣል። ማስተር አንገት ላይ ያም አለ፤ ግን ፈዛዛ ነው። የጠቆረው ሌላ ነው፤ ዙሪያውን ቀጥ ብሎ የዞረ። መጀመሪያ ከኋላ ታንቀዋል፣ ከሞቱ በኋላ ተሰቅለዋል።»

ወይዘሮ ንግሥቴ «እሰይ!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ጎንበስ ማለት የማይችሉ ሰው ጫማ ሄቨን ከመምጣቷ በፊት ተስተካክሏል። ዘሩ የዚህን ቤት ደንብ አያውቅም። ሄቨን ደረጃዋ አይደለም። የማስተሩን ጫማ የሚያነሳ አንደኛ ተማሪው ብቻ ነው። ባንተአምላክ፣ ገድለሃቸው ስትወጣ እንኳ እጅህ የለመደውን ሠራ።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ባንተአምላክ፤ ድምፁ ግን ሰለለ።

«እህትህ ጋ ደወልኩ። ትናንት ከቀትር በኋላ ከቡሬ ወጥተሃል። ተማሪዎቹ እንደነገሩኝ ጠዋት ጠዋት ማስተር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። የእግርህን ኮቴ ያውቁታል፤ ዞረው አላዩህም። አምነውህ ነበር።»

ባንተአምላክ ቡኒ ቀበቶውን አፍተለተለ። ከዚያ ገነፈለ።

«ሐሙስ ዕለት ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹አንተ ለእሷም ጫማ ታነሳለህ› አሉኝ! ልጆቹ ሳቁብኝ!»

«መግደልህንስ ገደልክ። ሬሳቸውን ማንጠልጠል ለምን አስፈለገህ?»

ወደ ወይዘሮ ንግሥቴ ዞረና ፈገግ አለ። «አሥራ ስምንት ዓመት በር ላይ አስቀርተውኛል። እሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን በር ይቅሩ ብዬ ነው።»

ፖሊሱ እጁን የፊጥኝ አሰረውና ወደ በሩ ገፋው። እዚያ የገዛ ጫማው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ በታሰረ እጅ ማጥለቅ አልቻለም። ሄቨን እንደ ልማዷ ለታላቅ ተማሪ ልታቀርብለት ጎንበስ አለች።

ወይዘሮ ንግሥቴ ክንዷን ይዘው አቀኗት። «ተይው፣ ልጄ። በባዶ እግሩ ይሂድ።»

ጠጠሩ ላይ እያነከሰ ወደ መኪናው ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደብሩ ደወል ተደወለ፤ ማስተር ስመኘው በዋናው በር ገቡ።